የፒክአፕ ምንጣፍ የሚለካው በፔዳሉ ነው

ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ስለ ሞተሩ፣ ስለ ካምቢዮውና ስለ ጎማው ቀናት ይከራከራል፡፡ ምንጣፉን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ቁልፉን ከተረከበ በኋላ፣ ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ የመኪና ዕቃ መደብር ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ በቀለሙ መርጦ ነው፡፡ ሻጩም «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ያስረክበዋል፡፡ በገበያው ከሚነገሩት አባባሎች ሁሉ ገዢን ብዙ የሚያስወጣው ይኸው «ለሁሉም ይሆናል» የሚለው ሳይሆን አይቀርም፡፡

ምንጣፍ በገበያ ገጽ ላይ ምን አመጣው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፡፡ ያመጣው የተሽከርካሪው ዋጋ ነው፡፡ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ፡፡ እነዚህ ሦስት ነገሮች ተደራርበው በእጅ ያለን ፒክአፕ በቀላሉ የማይተካ ንብረት አድርገውታል፡፡ ባለቤቱ ዛሬ ለሥራ ይነዳዋል፤ ነገ ለመሸጥ ያስበዋል፡፡ የሁለቱም ቀን ጉዳይ ከሾፌሩ እግር ሥር ይጀምራል፡፡

የላስታ ፈተና

ምንጣፍ ምን ያህል እንደሚፈተን ለማየት ከአዲስ አበባ አስፋልት ወጥቶ ወደ ሰሜን ወሎ መሻገር ይበቃል፡፡ ከላሊበላ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ገነተ ማርያም፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነገሡት በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን እንደታነጸች በሚነገርላት ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ስሟ የታወቀ ነው፡፡ ለፒክአፕ ባለቤት ግን ላስታ ማለት ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ጠጠርና ጭቃ ማለት ነው፡፡ ላሊበላ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በአጠገቧ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል፡፡ በአንድ ቀን ሥራ ውስጥ ቆላውን በፀሐይ ወርዶ ደጋውን በጉም መውጣት የተለመደ ነው፡፡

በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲጠና ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌ የሚገባ መኪና የሚያገኘው ጭቃ ነው፡፡ ደልደል ባለው የደጋ መሬት ላይ ደግሞ ዋልካ አለ፡፡ ይህ ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል፡፡ ሲረጥብ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፡፡ አንድ የግብርና ባለሙያ ወይም የሕንፃ ተቋራጭ ማሳ ወይም ጉድጓድ አይቶ ወደ ጋቢና ሲመለስ ጫማው ሁለት እጥፍ ከብዷል፡፡ ያን ሁሉ ይዞ የሚገባው ወለሉ ላይ ነው፡፡

በጋው ሌላ ፈተና አለው፡፡ ታኅሣሥ 29 ለሚከበረው ገና ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ሕዝብና ተሽከርካሪ የሚያነሣው አቧራ፣ መስኮት ቢዘጋም ከመግባት አይመለስም፡፡ ከአቧራው ጋር የውኃ ችግር አለ፡፡ በከተማ «በየቀኑ ይታጠብ» ማለት ቀላል ነው፤ ሴቶች በጄሪካን ውኃ በሚቀዱበት አገር ግን በግማሽ ባልዲ የማይጸዳ ምንጣፍ ገዝቶ መሄድ አያዋጣም፡፡ በጋቢናውም ውስጥ የሚጫነው ሰው ብቻ አይደለም፡፡ ደብል ጋቢና ከሆነ ከኋላ ወንበር ሥር የእህል ከረጢት፣ አንዳንዴ እግሩ የታሰረ በግ፣ ሲመለሱም ላስታ የሚታወቅበት ማር በፕላስቲክ ባልዲ ይቀመጣል፡፡ ክዳኑ የላላ የማር ባልዲ በቁልቁለት መንገድ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ምንጣፍ ለምን እንደተሠራ ማብራሪያ አያስፈልገውም፡፡

እንግዲህ ለክረምትም ለበጋም የሚሆን ምንጣፍ ሲባል ሦስት ሥራ ይጠበቅበታል፡፡ ውኃና ጭቃን ጠርዙ ውስጥ ይዞ ከሥሩ ወዳለው ሞኬት እንዳያልፍ ማድረግ፣ በጥቂት ውኃ መጽዳት፣ እና ከሁሉም በላይ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አለማለት ነው፡፡

ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን ገዢው ራሱ ያስባቸዋል፡፡ ሦስተኛውን ግን ማንም አይጠይቅም፡፡ በቁልቁለት መንገድ ሾፌር ተረከዙን ምንጣፉ ላይ ተክሎ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን፣ ከፍሬን ወደ ነዳጅ ሲያመላልስ ይውላል፡፡ ተረከዙ በገፋ ቁጥር ያልተያዘ ምንጣፍ በትንሽ በትንሹ ወደ ፊት ይሄዳል፡፡ ሥሩ ጭቃ ከገባበት ደግሞ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል፡፡ ወደ ፊት ሲሄድ የሚደርሰው ፔዳሎቹ ጋ ነው፡፡

በ2009 እ.ኤ.አ. የሆነው

ይህ የላስታ ሾፌሮች ብቻ ስጋት አይደለም፡፡ ጉዳዩን የዓለም ዜና ያደረገው የደረሰው አደጋ በአሜሪካ፣ ለስላሳ አውራ ጎዳና ላይ ነበር፡፡ ነሐሴ 28 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ አካባቢ፣ አንድ ሌክሰስ ኢኤስ 350 መኪና ፍጥነቱ አልቆም ብሎ ተጋጭቶ አራት ሰዎች ሞቱ፡፡ ሾፌሩ ልምድ የሌለው ሰው አልነበረም፤ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ባልደረባ ነበር፡፡ መኪናው የራሱ ሳይሆን ለጊዜው በተውሶ የተሰጠው ነው፡፡ ምርመራው የደረሰበት ነገር አሁን ለተያዘው ጉዳይ ቁልፍ ነው፤ በሾፌሩ በኩል የተነጠፈው ለሁሉም አየር የሚሆን የጎማ ምንጣፍ የዚያ መኪና አልነበረም፡፡ ለሌላ፣ ተለቅ ላለ የሌክሰስ ሞዴል የተሠራ ነበር፡፡ ጠርዙ የነዳጁን ፔዳል ወጥሮ ያዘው፡፡

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ምንጣፉ «ፌክ» አለመሆኑ ነው፡፡ ጥራቱ አልተጓደለም፤ አልተቀደደም፡፡ ጥፋቱ ያለ መኪናው መነጠፉ ነበር፡፡

ቶዮታ ከዚያ በፊትም በ2007 እ.ኤ.አ. 55,000 ያህል የዚህ ዓይነት ምንጣፎችን ሰብስቦ ነበር፡፡ ከአደጋው በኋላ ግን በአሜሪካ 3.8 ሚሊዮን ለሚሆኑ ተሽከርካሪዎች ባለቤቶች የሾፌሩን ምንጣፍ አንሡ ብሎ አስታወቀ፤ ቁጥሩም በሚቀጥሉት ወራት ከ5 ሚሊዮን አለፈ፡፡ ዝርዝሩ ውስጥ የቤት መኪኖች ብቻ ሳይሆኑ ታኮማና ተንድራ የተባሉት ፒክአፖችም ነበሩ፡፡ የነዳጅ ፔዳሎች ጫፍ እንዲያጥር፣ ምንጣፎች እንዲቀየሩ፣ በአንዳንዶቹም ላይ ነዳጅና ፍሬን በአንድነት ሲረገጡ ሞተሩ ለፍሬኑ እንዲገዛ የሚያደርግ ሥርዓት እንዲገባ ተደረገ፡፡ በ2014 እ.ኤ.አ. ኩባንያው በምንጣፍና በሚጣበቅ ፔዳል ጉዳይ ለሕዝብ በሰጠው መግለጫ ላይ ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር የነበረውን ክስ ለመጨረስ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ፡፡ ከአንድ ሱቅ ጥግ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ዕቃ ይህን ያህል ገንዘብ ያስከፍላል ብሎ የሚገምት ነጋዴ ጥቂት ነው፡፡

በቶዮታ መኪኖች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው ማስጠንቀቂያም ይህንኑ ይላል፡፡ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ምንጣፍ አትጠቀሙ፤ በሾፌሩ በኩል ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ አትደርቡ፤ ገልብጣችሁ አታንጥፉ፤ በመንጠቆው እሰሩ፡፡ በአገራችን ግን ሞኬቱ እንዳይቆሽሽ ጎማ፣ ጎማው እንዳይቆሽሽ ደግሞ ጨርቅ መደረብ እንደ ንጽሕና ይቆጠራል፡፡ ከላይ ያለው ድርብ ምንጣፍ ምንም የሚይዘው ነገር የለውም፡፡

ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

ገዢ መኪናውን ይዞ መሄድ አለበት፡፡ ልኩን በእጁ አሳይቶ፣ ወይም «ሃይሉክስ ነው» ብሎ ልጅ ልኮ የሚገዛ ምንጣፍ ዕጣ እንደ መቁረጥ ነው፡፡

መጀመሪያ የሚታየው መንጠቆው ነው፡፡ በብዙ ዘመናዊ ፒክአፖች የሾፌር ወለል ላይ ምንጣፉን የሚይዙ መንጠቆዎች አሉ፡፡ የምንጣፉ ቀዳዳዎች እነዚህ መንጠቆዎች ላይ ሳይጎተቱና ሳይጨማደዱ መግባት ይኖርባቸዋል፡፡ ሻጩ ቀዳዳ የሌለው ምንጣፍ አምጥቶ «በቢላ እንበሳዋለን» ሲል፣ ምንጣፉ የዚያ መኪና አለመሆኑን በራሱ አንደበት መመስከሩ ነው፡፡ አሮጌው መኪና መንጠቆ ከሌለው ወይም ከተሰበረ፣ መንጠቆውን ቀድሞ ማስገጠም ከምንጣፉ ይቀድማል፡፡

ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ ሾፌሩ እንደ ወትሮው ይቀመጥ፡፡ የነዳጁን ፔዳል እስከ መጨረሻው ረግጦ በአንድ ጊዜ ይልቀቀው፡፡ ፔዳሉ የምንጣፉን ጠርዝ ሳይነካ ወርዶ ሳይዘገይ መመለስ አለበት፡፡ ፍሬኑና ፍሪሲዮኑም እንዲሁ ይፈተኑ፡፡ ፍሪሲዮን እስከ ወለል ካልወረደ ማርሽ እየተፋጨ ይገባል፤ ባለቤቱም ችግሩን ከምንጣፉ ሳይሆን ከካምቢዮው ይፈልጋል፡፡ ከዚያም ምንጣፉን በተረከዝ አጥብቆ ወደ ፊት መግፋትና ፔዳሉን እንደገና መሞከር ያስፈልጋል፡፡ ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ሙከራ አያደርግም፤ ላስታ ቁልቁለት ላይ የሚሆነው ግን ይኸኛው ነው፡፡ ወፍራም የሥራ ቦቲ ጫማ የሚያደርግ ሾፌር በቦቲው፣ በነጠላ ጫማ የሚነዳም (መንዳት ባይገባውም) በዚያው ይሞክር፡፡

ሁሉ ተደርጎ ፔዳል በመንገድ ላይ ቢያዝ ምን ይደረጋል? የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣናት የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፡፡ ፍሬንን በሙሉ ኃይል ረግጦ አለመልቀቅ፤ ደጋግሞ መምታት የፍሬኑን አጋዥ ኃይል ይጨርሰዋል፡፡ ማርሹን ፎሌ ማድረግ፡፡ ሞተሩ ቢጮህም መተው፡፡ መኪናው ከቆመ በኋላ ሞተሩን ማጥፋት፡፡ ጎንበስ ብሎ ምንጣፍ ለመጎተት መሞከር ግን ዓይንን ከመንገድ ማንሣት ነው፡፡

ጎማ፣ ፕላስቲክ ወይስ «ቆዳ»

ልኩ ከተረጋገጠ በኋላ ስለ ዕቃው መነጋገር ይቻላል፡፡ ገበያው ላይ ሁሉም «ጎማ» ይባላል፤ ሁሉም ግን ጎማ አይደለም፡፡

እውነተኛው ጎማ ከባድ ነው፤ ሲታጠፍ ይመለሳል፣ በብርድም አይደርቅም፡፡ ክብደቱ ራሱ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ይረዳዋል፡፡ ጉድለቱ ሽታውና ዋጋው ነው፤ ሽታው ጥቂት ሳምንት ፀሐይና ነፋስ ካገኘው ይቀንሳል፡፡ በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ ግን ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፡፡ ፒቪሲን የሚያለሰልሰው የተጨመረበት ኬሚካል ሲሆን፣ ይህ ኬሚካል በፀሐይ ሙቀት ቀስ በቀስ ይወጣል፡፡ አዲሱ ምንጣፍ ጋቢናውን ሲያሸት፣ መስታወቱንም በስስ ቅባት ሲያለብሰው የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ኬሚካሉ ባለቀ ጊዜ ምንጣፉ ይደርቃል፣ ጠርዙ ወደ ላይ ይቆለመማል፣ ውርጭ ባለበት የደጋ ጠዋት ሲረገጥ ይሰነጠቃል፡፡ የተቆለመመ ጠርዝ ደግሞ እንደገና ወደ ፔዳሉ ጉዳይ ይመልሰናል፡፡

በቅርብ ዓመታት ቲፒኢ የሚባለው ዓይነት መጥቷል፡፡ እንደ ጎማ የሚለመጥ፣ እንደ ፕላስቲክ በቅርጽ የሚወጣ፣ ቀለልና ሽታው አነስ ያለ ነው፡፡ በየሞዴሉ ልክ በቅርጽ ስለሚወጣ ጠርዙ ከወለሉ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ይቆማል፡፡ ዋጋው ከፒቪሲ ይበልጣል፡፡ ቅርጹ በትክክል የዚያ መኪና ከሆነ ለላስታ ዓይነት ሥራ የተሻለው እርሱ ወይም እውነተኛው ጎማ ነው፡፡ ቅርጹ የሌላ መኪና ከሆነ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ጠንካራ ጠርዝ እንደ ለስላሳ ጎማ ጎንበስ አይልም፡፡

የማር እንጀራ የመሰለ ቀዳዳ ያለው ኢቫ ምንጣፍም በስፋት ይሸጣል፡፡ በጋ ላይ ሸጋ ነው፤ አቧራው በየቀዳዳው ወርዶ ከጫማ ይርቃል፣ አውጥቶ ማራገፍ ይበቃል፡፡ ክረምት ላይ ዋልካ ሲሞላው ግን ሌላ ታሪክ ነው፡፡ ጭቃው በየቀዳዳው ደርቆ እንደ ጡብ ይይዛል፤ በብሩሽ አንድ በአንድ ካልሆነ አይወጣም፡፡

ከሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ስፖንጅ በውስጡ ይዞ ወለሉን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚያለብሰው፣ በክር የተጠለፈው «ቆዳ» ነው፡፡ ለሠርግ መኪና ያምራል፡፡ ቆዳ አይደለም፤ ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ነው፡፡ ውኃ በስፌቱ ይገባል፤ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም፡፡ ጭቃ ለሚረግጥ ፒክአፕ ይህን መግዛት ወለሉን በእርጥብ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ማሳደር ነው፡፡ ብዙዎቹም የመንጠቆ ቀዳዳ የላቸውም፡፡

ለቤት ወለል የሚሸጠውን ፕላስቲክ በመቀስ ቆርጦ ማንጠፍ የቆየ ዘዴ ነው፡፡ ለኋላ ወንበርና ለጭነት ሳጥን ያገለግላል፡፡ በሾፌሩ እግር ሥር ግን አይገባም፤ ጠርዝ የለውም፣ አይታሰርም፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል፡፡ ምንጣፉን እንዲያብረቀርቅ የጎማ ማሳመሪያ ቅባት መቀባትም በዚያው የሚመደብ ልማድ ነው፡፡ ቅባቱ ለውጭ ጎማ እንጂ እግር ለሚያርፍበት አይደለም፡፡

አንዳንድ ለሥራ ተብለው የወጡ ፒክአፖች፣ በተለይ መሠረታዊ የሆኑት የላንድክሩዘር 70 ሞዴሎች፣ ከፋብሪካው ሲወጡ ወለላቸው ሞኬት ሳይሆን ላስቲክ ነው፡፡ የእነዚህ ባለቤት መጀመሪያ ራሱን የሚጠይቀው ተጨማሪ ምንጣፍ ያስፈልገኛል ወይ ብሎ ነው፡፡ ላስቲኩ ካልተቀደደ በጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል፤ ሻጭ ይህን አይነግረውም፡፡

ዋጋውን በዓመት ማካፈል

የምንዛሪው ሁኔታ ባለበት የአንድ ሳምንት ዋጋ መጻፍ ለሚቀጥለው ሳምንት ገዢ አይጠቅምም፡፡ ስሌቱ ግን አይለወጥም፡፡ ለምሳሌ ያህል አንዱ ምንጣፍ 2,000 ብር ተገዝቶ በዓመቱ ቢሰነጠቅ የዓመት ወጪው 2,000 ብር ነው፡፡ ሌላው 7,000 ብር ተገዝቶ 5 ዓመት ቢያገለግል ለዓመት 1,400 ብር ይደርሳል፡፡ ይህ ሞኬት ለማድረቅ ወንበር የማስፈታቱን የጋራዥ ዋጋ ሳይጨምር ነው፡፡ በእርግጥ ሁለተኛው በእርግጠኝነት 5 ዓመት ይቆያል የሚል ዋስትና ጽፎ የሚሰጥ ሱቅ ማግኘት ቀላል አይደለም፡፡ ገንዘብ ያጠረው ገዢ ለአራቱም ቦታ መካከለኛ ከመግዛት ለሾፌሩ አንድ ጥሩ ገዝቶ የቀረውን በርካሽ ቢሸፍን ይሻለዋል፡፡

ለሚያስመጣ ነጋዴ

ነጋዴው በኩል ስህተቱ የሚጀምረው ትእዛዝ ሲሰጥ ነው፡፡ «ሃይሉክስ፣ 300 ሴት» ብሎ ማዘዝ በቂ አይደለም፡፡ ሃይሉክስ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመረት የኖረ መኪና ነው፡፡ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ስምንተኛው ትውልድ ወለል ከእርሱ በፊት ከነበረው ጋር አንድ አይደለም፡፡ ነጠላ ጋቢናና ደብል ጋቢና ይለያያሉ፡፡ በእጅ ማርሽና አውቶማቲክም የፍሪሲዮኑ ቦታ ይለያቸዋል፡፡

ከሁሉ የሚያስከስረው መሪው ያለበት ጎን ነው፡፡ ኢትዮጵያ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀኝ መንገድ ስለምትነዳ የመኪኖቻችን መሪ በግራ ነው፡፡ ሃይሉክስ በብዛት የሚሠራባቸው ታይላንድና ደቡብ አፍሪካ ግን መሪያቸው በቀኝ ነው፤ አውስትራሊያና ጎረቤታችን ኬንያም እንዲሁ፡፡ ከእነዚህ አገሮች በስዕል ታይቶ፣ በርካሽ ዋጋ ተማርኮ የታዘዘ በቅርጽ የወጣ ምንጣፍ መርካቶ ሲደርስ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ፊት ተገልብጦ ይገኛል፡፡ የሾፌሩ ለተሳፋሪው፣ የተሳፋሪው ለሾፌሩ አይሆንም፡፡ እንዲህ ያለው ዕቃ መጨረሻው «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ ለማያውቅ ገዢ መሸጥ ነው፡፡ ዱባይ መሪዋ በግራ በመሆኑ ከዚያ የሚመጣው ከዚህ ችግር የራቀ ነው፤ ቻይና ያለ ፋብሪካ ግን ለሁለቱም ስለሚያመርት ትእዛዙ ላይ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል፡፡

የጉምሩኩን ነገር አስቀድሞ ማወቅም ይጠቅማል፡፡ በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ የጎማ ምንጣፍ በ4016 ሥር ከጎማ ዕቃዎች ጋር ይመደባል፡፡ ክሩ የቆመው የጨርቅ ምንጣፍ፣ ለመኪና ልክ ተቆርጦ ቢመጣ እንኳ፣ በ5703 ከምንጣፎች ጋር እንጂ በ8708 ከመኪና መለዋወጫ ጋር አይቆጠርም፡፡ ይህ በአመዳደቡ ማብራሪያ ላይ እንደ ምሳሌ የተጠቀሰ ጉዳይ ነው፡፡ «መለዋወጫ» ብሎ ዲክላራሲዮን ያስሞላ አስመጪ ክርክር ሊገጥመው ይችላል፡፡ ፕላስቲክ ነክ የሆኑትን በተመለከተ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ከትራንዚተር ጋር ናሙና ይዞ መነጋገር ከመጋዘን ኪራይ ያድናል፡፡

ምንጣፉን ገልጦ ማየት

ወደ አሮጌ መኪና ገበያ ሲመጣ ምንጣፍ ሌላ ሥራ አለው፤ ይሸፍናል፡፡ ያረጀ ፒክአፕ ውስጥ የሚያበራ አዲስ ምንጣፍ ያየ ገዢ ደስ ከመሰኘቱ በፊት ገልጦ ቢያይ ይበጀዋል፡፡

ብዙ ሰው ዝገት ከታች ይመጣል ብሎ ያምናልና ፒክአፕ ሲገዛ መሬት ላይ ተንበርክኮ የመኪናውን ሆድ ያያል፡፡ የጋቢናው ወለል ግን ብዙ ጊዜ የሚበላው ከላይ ነው፡፡ ከጫማ የወረደ ውኃ ሞኬቱን አልፎ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውስጥ ይገባል፤ ስፖንጁ ውኃውን ይዞ ከላሜራው ጋር ያጣብቀዋል፡፡ ላዩ ደርቆ ሲታይ ሥሩ ለሳምንታት እርጥብ ነው፡፡ በወለሉ የሚያልፉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና ሶኬቶች ካሉ አብረው ይረጥባሉ፤ የማይታወቅ መብራት ዳሽቦርድ ላይ ይበራል፣ ኤሌክትሪሺያኑም ሳምንት ይፈልጋል፡፡ ባለቤቱ ከላይ ጥሩ የጎማ ምንጣፍ ቢያነጥፍ፣ ውኃው አስቀድሞ ከገባ፣ ጎማው እንዳይደርቅ ክዳን ሆነለት ማለት ነው፡፡

ስለዚህ ምንጣፉ ይነሣ፡፡ የበሩ ሥር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን በእጅ ተስቦ ይወጣል፤ ሞኬቱን ከጠርዙ አንሥቶ እጅን ከሥሩ ማስገባት ይቻላል፡፡ እጅ እርጥበት፣ አፍንጫ ሻጋታ ካገኘ ወሬው አልቋል፡፡ የወንበሮቹን ብሎኖች ማየትም ጥሩ ነው፤ ሌላው ንጹሕ ሆኖ እነርሱ ከዛጉ ወለሉ ውኃ ጠጥቷል፡፡ አዲስ ጥቁር ቀለም ወይም የብየዳ ጠባሳ ካለ ለምን እንደተበየደ መጠየቅ የገዢው መብት ነው፡፡ እርጥበቱ ከጫማ ብቻ ሳይሆን ከበር ጎማ፣ ከፊት መስታወት ዙሪያ፣ ወይም ከተዘጋ የኤሲ ውኃ መውጫ ሊመጣ ስለሚችል፣ ምንጣፍ መቀየር ብቻ መፍትሔ የማይሆንበት ጊዜም አለ፡፡ በተሳፋሪው በኩል ብቻ እርጥበት ሲገኝ ከጫማ ይልቅ ኤሲውን መጠርጠር ይቀላል፡፡

ደላሎችም ቢሆኑ ከዚህ የሚያተርፉት አለ፡፡ ገዢ ራሱ ገልጦ ዝገት ካገኘ ድርድሩ ከወለሉ አልፎ ወደ ሞተሩ፣ ወደ ኪሎ ሜትሩ፣ ወደ ሁሉም ነገር ይሻገራል፤ አንድ ቦታ የተደበቀበት ሰው ሌላውንም አያምንም፡፡ ምንጣፉን ቀድሞ ገልጦ «ይኸው» የሚል ደላላ ግን ከወለሉ ዋጋ በላይ አይቀነስበትም፡፡ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት፣ ፒክአፑን ለሽያጭ የሚያዘጋጅ ባለቤት ወንበሮቹን አስፈትቶ፣ ሞኬቱን አውጥቶ በፀሐይ አድርቆ፣ ላሜራው ላይ የጀመረ ዝገት ካለ አስፍቆ አስቀብቶ መመለስ ይችላል፡፡ ከሐምሌ በኋላ ያን ለማድረቅ የሚሆን ፀሐይ አያገኝም፡፡